ስለ ወጣቶች ድባቴና ስለ ውፍረት፤ የእጅ ስልክስ ምን ይረዳል?

የሰው አካልና አሳብ አንዱ ከሌላው ሳይለይ አብሮ የሚታመም መሆኑን የጥንት ሊቃውንትም የዛሬ ሐኪሞችም ይስማሙበታል። ዳሩ ግን ሕክምናችን ሲደራጅ አካል በአንድ በር፤ አሳብም በሌላ በር እንዲገባ ሆኖ ስለ ተሠራ፤ ሁለቱን ሕመም በአንድነት ይዞ የመጣ ልጅ በየትኛው በር እንደሚገባ ሳያውቅ ይመለሳል። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ እንደዚህ ያለው ልጅ ነው፤ ይኸውም ዕድሜው ከ13 እስከ 19 ዓመት የሆነ፤ ድባቴ የሚባለው ሕመም ያደረበትና ሰውነቱም ከልክ በላይ የወፈረ ወጣት ነው። እንደዚህ ያሉ ልጆች በአዲስ አበባ ብቻ የሚገኙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፤ በዚያም ዙሪያ ባለው የቡና አገር ከተሞች ሁሉ እየታዩ መሄዳቸውን አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አይስተውም።

በአገራችን ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ዕቅድ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ፤ ቴሌብርም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፤ የእጅ ስልክ የመንግሥትም የነጋዴም የገበሬም መሣሪያ ሆኗል። ቴፒ ላይ ቡናውን የሸጠ ሰው ገንዘቡን በስልክ መቀበል ይችላል፤ ተማሪውም የፈተና ውጤቱን በስልክ ይመለከታል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ባለሥልጣኖች፤ የልጆችንስ የአሳብ ሕመም በስልክ ማከም አይቻልምን? ብለው ቢጠይቁ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኛም ይቻላል እንላለን። የሚቻለው ግን ስልኩ የሚያውቅና የሚጠይቅ ሰው መልእክተኛ ሲሆን ነው እንጂ፤ ስልኩ ራሱ ሐኪም እንዲሆን ተሹሞ ልጁ ከእርሱ ጋር ብቻውን ሲተው አይደለም። ይህን ያልንበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የቦታውን ነገር እናስታውስ። ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ተፈሪ መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ ተብሎ የቆመ የአገሪቱ አንድ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ትምህርት ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እየተመላለሱ በማስተማር የረዱት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው ይህን ጥበብ ለመማር ባሕር መሻገር ግዴታው ነበር። የአእምሮ ጤና ብሔራዊ ዕቅድ የወጣውም በ2005 ዓ.ም. ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ነገር ግን ከሚዛን ተፈሪ እስከ ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉን ለማስተማሪያም ለሕክምናም ከፍቶ መሥራቱ ለአካባቢው ታላቅ ዕርዳታ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የጤናው ሥራ አመራር ወደ ሕዝቡ ቀርቧል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ከሸዋ ቤንች ቀበሌዎች አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ እየተመላለሰች ከአንድ አዋቂ ጋር እንድትነጋገር ቢታዘዝ፤ የመኪናው ኪራይና የትምህርቱ መጓደል ብቻ ትእዛዙን ያፈርሰዋል። የስልክ ነገር የሚነሣውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ውፍረት እንመለስ። በአገራችን ልማድ ውፍረት የምስጋና ቃል ነው። ከሩቅ አገር የመጣን ዘመድ፤ ወፈርህ፤ አማረብህ ብለን እንቀበለዋለን፤ የከሳውን ግን ምን ሆንህ ብለን እንጠይቀዋለን። ይህም ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም፤ ራብን የሚያውቅ ሕዝብ ሥጋን ቢያከብር የሚገባ ነው። ዛሬም ቢሆን በኢትዮጵያ የሚበዛው ክሳት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከመቶው 22 ያህሉ ከመጠን በታች የከሱ ሲሆኑ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 ያህል ነበሩ። እንግዲህ ስለ ውፍረት ስንጽፍ የብዙኃኑን ራብ የረሳን አይምሰላችሁ። ነገር ግን በአንድ ወረዳ አልፎ ተርፎም በአንድ ቤት የከሳና ከልክ በላይ የወፈረ ልጅ አብረው የሚገኙበት ዘመን መጥቷል። በዓለምም ላይ በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆችና ወጣቶች ውስጥ ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ክብደት እንደ ነበራቸው የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል።

በቡናው አገር ይህ ነገር የሚመጣበትን መንገድ ብናይ፤ ከተማሪው አኗኗር መጀመር ይገባል። የገጠሩ ልጅ በአባቱ ቤት ሳለ ጎደሬና ቆጮ፤ በቆሎና ጎመን ይበላል፤ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ወጥቶ በእግሩ ይወርዳል፤ ቡና ሲደርስም ከቤተ ዘመዱ ጋር ሲለቅም ይውላል። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ሲመጣ ግን ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ወይም ከጓደኛ ጋር ይቀመጣል። ከቤት የመጣው ስንቅ ሲያልቅ ዳቦና ሻይ፤ ቦምቦሊኖና ፓስቲ፤ ገንዘብ በተገኘ ቀንም ለስላሳ መጠጥ ምግቡ ይሆናል። መንገዱን ባጃጅ ያሳጥርለታል፤ ማታውን ስልኩ ያስረዝምበታል። የከተማው ባለ ሱቅ ልጅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር የሱቁ ብስኩትና ከረሜላ በእጁ ነው። እናቱም ልጄ ተመቸው ብላ ደስ ይላታል። በትምህርት ቤት ግን ያው ሥጋ የቅጽል ስም ይሆንበታል፤ ዱባ ይሉታል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲሮጥ ይስቁበታል። በቤት የሚመሰገንበት ነገር በውጭ የሚሰደብበት ስለ ሆነ፤ ስድቡን ለእናቱ መናገር እንኳ አይችልም። ይህን የመሰለ ብቸኝነት ለአንድ ልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ስለ ድባቴም የቋንቋችን ነገር ራሱ እንቅፋት ሆኖብናል። የዛሬ ልጆች ደበረኝ የሚለውን ቃል ለሁሉ ነገር ያውሉታል፤ ዝናብ ሲዘንብ ደበረኝ፤ ትምህርቱ ሲረዝም ደበረኝ፤ መብራት ሲጠፋ ደበረኝ ይላሉ። ጫት የሚቅሙትም ከጫቱ በኋላ የሚመጣውን ዱካክ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ስለዚህ በእውነት የታመመው ልጅ ደበረኝ ባለ ጊዜ የሚሰማው የለም። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ የሚቆይ ኀዘን ወይም ለማናቸውም ነገር ፍላጎት ማጣት፤ የእንቅልፍ መዛባት፤ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም መብዛት፤ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት፤ አሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤ ሲብስም ሞትን መመኘት ነው። በወጣቶችም ላይ በኀዘን ፈንታ ቁጣና ንጭንጭ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ሕመምነቱ ተረስቶ ብልግና ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ከሰባቱ አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ያለበት ነው፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉትም ዘንድ ራስን መግደል ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ሦስተኛው ነው። ይህ ቁጥር ለአንባቢ ቀላል ነገር አይምሰለው።

ሁለቱ ሕመሞች እርስ በርሳቸው የሚጎተቱ መሆናቸው በጥናት ተመርምሯል። በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ፤ ለብዙ ጊዜ ሰዎችን የተከታተሉ 15 ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ እንዳሳየው፤ ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎች በኋላ በድባቴ የመያዛቸው ነገር ካልወፈሩት በ55 በመቶ ከፍ ያለ ሲሆን፤ ድባቴ የያዛቸውም በኋላ ከልክ በላይ የመወፈራቸው ነገር በ58 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አካሄዱንም ለመረዳት ብዙ ምርምር አያሻም። ያዘነ ልጅ ከቤት አይወጣም፤ ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ይተኛል፤ ጣፋጭ ነገር ለጥቂት ጊዜ ስለሚያጽናናው ወደዚያ ይመለሳል፤ ሲወፍር ያፍራል፤ ሲያፍር ይደበቃል፤ ተደብቆም ያዝናል። መድኃኒቱም አንዳንድ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን የተባለው መድኃኒት ክብደት የሚጨምር ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም የዚህን ወገን መድኃኒቶች ለልጆችና ለወጣቶች ድባቴ መስጠት አይገባም ብሎ መክሯል። ለወጣቶች መድኃኒት ካስፈለገ በጥንቃቄ እየተከታተሉ የሚሰጠው ፍሉክሰቲን የሚባለው ነው፤ ከዚያም በፊት የንግግር ሕክምና መሞከር አለበት። ዳሩ ግን መድኃኒቱ በካርቶን ተጭኖ ሚዛን ተፈሪ ይደርሳል፤ የንግግር ሐኪም በካርቶን አይጫንም።

እዚህ ላይ ለካህናት አባቶቻችን አንድ ቃል ልናቀርብ እንወዳለን፤ ምክንያቱም ያዘነ ልጅ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ የንስሐ አባቱ ዘንድ ወይም ጠበል ዘንድ የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁ ሆዴን መግዛት አልቻልኩም፤ ለጸሎትም መነሣት አቃተኝ ብሎ ቢናገር፤ ነገሩን በሆዳምነትና በስንፍና ፈርጆ መገሠጽ ቀላል ነው። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ወድቆ ሞቱን በለመነ ጊዜ የተደረገለትን አባቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ እንዲተኛም ተወው፤ ደግሞም ቀሰቀሰውና አበላው። የጉዞው ነገር የተነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ጠበሉና ጸሎቱ ሳይቀር ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ አንድ የንስሐ አባት፤ ከብዙ መተግበሪያ ይበልጥ እንደሚረዳ አንጠራጠርም። የጀመረውንም መድኃኒት በጠበል ጊዜ ተው አለማለቱ ብቻ ታላቅ ነገር ነው።

አሁን ስልኩ ምን እንደሚሠራ እንመርምር። ከንግግር ሕክምናዎች ሁሉ በስልክና በኮምፒዩተር ለማስተማር የተመቸው፤ የተጣመመውን አሳብ መርምሮ የሚያቀናና በትንንሽ ሥራ ጠባይን የሚለውጠው ነው። ልጁ፤ ሁሉም ይስቁብኛል የሚለውን አሳቡን ጽፎ፤ ይህ እውነት ነውን? ማን ሳቀ? ማንስ አልሳቀም? ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከዚያም ነገ ከጓደኛዬ ጋር እስከ ወንዙ ድረስ እሄዳለሁ የሚል ትንሽ ሥራ ለራሱ ይሰጣል፤ ሠርቶም ስሜቱን ይመዘግባል። ይህ ትምህርት ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ስለ ሆነ በመሣሪያ ሊጻፍ ይችላል። ለሁለቱም ሕመም በአንድ ጊዜ የሚጠቅም መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ የሚሄደው እግር ኀዘኑንም ያቀላል፤ ለሰውነቱም ይበጃል፤ እንቅልፍንም ያመጣል።

በኒው ዚላንድ አገር ስፓርክስ የተባለ፤ በጨዋታ መልክ የተሠራ ትምህርት ወጣቱን ሰባት ምዕራፎች እያሻገረ ይህን ጥበብ ያስተምረዋል። በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 ዓመት በሆኑ 187 ወጣቶች ላይ ተፈትኖ፤ በተለመደው የምክር አገልግሎት ከታከሙት ያላነሰ ውጤት አሳይቷል። በእንግሊዝ አገርም የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ከ2019 ጀምሮ ድባቴያቸው ቀላል ለሆነ ልጆች እንዲህ ያለውን የዲጂታል ትምህርት ከሚመረጡት ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። በጎረቤታችን በኬንያም ሻሚሪ ዲጂታል የሚባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው የሚፈጽሙት ትምህርት ለ103 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቀርቦ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የድባቴያቸው ምልክት ከተነጻጸሩት ይበልጥ መቀነሱ በ2020 ታትሟል። የኬንያው ነገር ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፤ ልጁ የራሱ ስልክ እንዲኖረው አያስገድድምና።

ይህን ያነበበ ባለሥልጣን፤ እንግዲህ ገዝተን እንመርቀው ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን የሚከተለውንም ያንብብ። በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 93 የአእምሮ ጤና መተግበሪያዎች ተመርምረው፤ በመካከለኛው መተግበሪያ ዘንድ ስልካቸው ላይ ከጫኑት መቶ ሰዎች ውስጥ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሲጠቀሙበት የተገኙት አራት እንኳ አልሞሉም። ጫኑት፤ ከፈቱት፤ ተዉት። ድባቴ ፍላጎትን የሚገድል ሕመም ስለ ሆነ፤ በፍላጎት ብቻ የሚቀጥል ሕክምና ለዚህ ሕመምተኛ መስጠት እግሩ ለተሰበረ ሰው መሰላል እንደ መስጠት ነው። በሊባኖስ አገር የዓለም የጤና ድርጅትና የአገሩ የጤና ሚኒስቴር ያዘጋጁት፤ ደረጃ በደረጃ የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው የስልክ ትምህርት ለአካለ መጠን የደረሱ ሊባኖሳውያንንና የሶርያ ስደተኞችን የጠቀመው፤ ሐኪም ያልሆነ ነገር ግን የሠለጠነ ሰው በየሳምንቱ ለ15 ደቂቃ ያህል እየደወለ፤ የት ደረስህ? ምን ከበደህ? እያለ ስለ ጠየቃቸው ነው።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም የተማርነው ከፊደል ገበታ ብቻ አይደለም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስጠናው ነበር፤ የኔታም በመጨረሻ ይሰሙት ነበር። ገበታው ባይኖር ትምህርት አይኖርም፤ ገበታውን በልጅ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ወደ ጫካ መስደድ ግን ማስተማር አይባልም።

ሰው የሌለበት መሣሪያ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ፤ ለጉዳያችን እጅግ የቀረበ ነገር በአሜሪካ አገር በ2023 ሆኗል። በዚያ አገር ምግብን በሚመለከት ሕመም የተያዙ ሰዎችን የሚረዳው ብሔራዊ ማኅበር ለብዙ ዓመታት ሰዎች የሚመልሱለት የስልክ መሥመር ነበረው። ያን መሥመር ዘግቶ ቴሳ የሚባል የጽሑፍ መልስ ሰጪ ፕሮግራም ብቻውን ሊያቆም ሲል፤ ፕሮግራሙ በምግብ ነገር የታመሙትን ሰዎች ምግባችሁን ቀንሱ፤ በየሳምንቱ ተመዘኑ እያለ ሲመክር ተገኘ። ማኅበሩም ወዲያው ዘጋው። ከሕመማቸው የተነሣ ክብደታቸውን ሌት ተቀን ለሚያስቡ ሰዎች ይህ ምክር መርዝ ነው። በ2025ም በካሊፎርኒያ ወላጆች የልጃቸውን ራሱን መግደል ከእንዲህ ያለ መልስ ሰጪ ጋር ካደረገው ረጅም ንግግር ጋር አያይዘው ክስ አቅርበዋል። መሣሪያው ክፉ አሳብ የለውም፤ የሚያናግረው ልጅ ማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም። የወፈረና ያዘነ ልጅ ያየ ማናቸውም ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት አሳብ፤ ይክሳ የሚል ስለ ሆነ፤ ፕሮግራም የሚያዘጋጁትም ሰዎች ከዚህ አያመልጡም። ከተማይቱ ስሟ ሚዛን ቢሆንም፤ የልጅ ሕክምና በሚዛን ሊጀመር አይገባውም። የሚጀመረው በእንቅልፉ፤ በጊዜ በመብላቱ፤ በመንቀሳቀሱና በጓደኛው ነው፤ ክብደቱን ሐኪሙ ለብቻው፤ ያለ ወቀሳና ከሰው ፊት ርቆ ይመዝነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፤ ልጅ የሚያዝነው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ በቤንችኛ፤ በሸካኛ፤ በካፍኛ፤ በሸኮኛ። የቤንችኛ ቋንቋ አንድ ቃል በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ትርጉሙ የሚለወጥበት፤ አምስት የድምፅ ደረጃዎች ያሉት በመሆኑ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የቤንች ሰዎች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በፉጨት ቃል ይላላኩ እንደ ነበር ሲነገር፤ ፉጨቱ ይህንኑ ከፍታና ዝቅታ ተከትሎ ነው። እንግዲህ ሰው ከሩቅ ሆኖ በድምፅ መረዳዳትን ከእኛ የሚማርበት አገር ነው ማለት ይቻላል። ለእንደዚህ ያለ ቋንቋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መተግበሪያ ተርጉሞ ማምጣት ብዙ አያዋጣም፤ በድምፅ የሚነገር ትምህርት ግን ያዋጣል። የምግቡም ምክር እንዲሁ ነው። ልጁ በዓይኑ አይቶ የማያውቀውን የባሕር ዓሣና የፈረንጅ ቅጠል ብላ ከማለት፤ የእናትህን ጎደሬና ጎመን አትናቅ፤ ለስላሳውን በውሃ ለውጥ ማለት ይበቃል።

ስለ አፈጻጸሙ ያለንን አሳብ በአጭሩ እናቀርባለን። አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ20 ዓመት በላይ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም መምህራን አሉ፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም የጤና ተማሪዎችና መምህራን አሉት። በዚምባብዌ በሐራሬ ከተማ ከ2006 ጀምሮ በሽማግሌ ሴቶች የሚሠራው የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር፤ በ2016 በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ መልካም ውጤት ስላሳየ፤ ይህን ሥራ ለመሥራት የግድ ሐኪም መሆን እንደማያስፈልግ የታወቀ ነው። በሚዛን አማንና በቴፒ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይጀመር። በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ፤ መብራት በጠፋም ጊዜ በወረቀት፤ ትምህርቱ ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት የሠለጠነች ነርስ ወይም የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ በተራ ስልክ ትደውል። ስማርት ስልክ ያለው ልጅ በስልኩ ይማር፤ የሌለው በዚህ ምክንያት አይቅር፤ ይልቁንም ሴቶች ልጆች ከወንድሞቻቸው ስልክ የሚበደሩ ስለ ሆኑ ጥሪው ለእነርሱ በትምህርት ቤት ይሁን። ሞትን የሚያስብ ልጅ ሲገኝ ያንኑ ዕለት ወደ ሆስፒታሉ የሚደርስበት መንገድ፤ ከትምህርቱ በፊት አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ይህ ሳይዘጋጅ ሥራው ባይጀመር እንመርጣለን።

ምሥጢርንም መጠበቅ ሕግ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤናን ነገር ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው መረጃዎች ቆጥሮታል። በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ሁሉን ያውቃል፤ የልጁ ስም ከድባቴ ጋር ተጽፎ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ቢታይ፤ ዱባ ይባል የነበረው ልጅ በማግሥቱ እብድ ይባላል። ወላጅ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ክፍሉ ሁሉ ማወቅ የሚገባው ግን አንዳችም የለም።

የሚያሳስበን ሌላው ነገር የሪፖርቱ ነው። ስንት ሰው መተግበሪያውን ጫነ የሚለው ቁጥር ለስብሰባ ያማረ ነው፤ በቀላሉም ያድጋል። ባለሥልጣኖቻችን ሊጠይቁት የሚገባው ግን፤ ስንት ልጅ እስከ መጨረሻው ትምህርት ደረሰ? ስንቱ ትምህርት ቤት መምጣቱን ቀጠለ? ስንቱስ ጥሪውን ሳያነሣ ሲቀር ቤቱ ድረስ ተሄደ? የሚለውን ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና በሚለቀምበት ወራት ብዙ ልጆች ከክፍል ስለሚጠፉ፤ የዚያን ጊዜ መቅረት ከሕመም ለይቶ ማወቅ የሚችለው አገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ 8335 የተባለው ቁጥር ለሕዝቡ ያለ ክፍያ ተከፍቶ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ለነርሷም ጥሪ እንዲሁ ያለ ክፍያ የሚሠራ መሥመር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ተነጋግሮ ማግኘት የጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ ሥራ ነው። አለዚያ ግን በሦስተኛው ሳምንት ካርዱን ከራሷ ደመወዝ መግዛት ይከብዳታል፤ ልጁም ለምን እንዳልተደወለለት የሚነግረው ሰው አያገኝም።